መስታወቱን የምታዘፍን ጄት

ከሞተሩ በፊት የሚሰማው መስታወቱ ነበር።

መጀመሪያ በሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ይጀምራል። አፉን ሳይከፍት የሚያንጎራጉር ሰው ድምፅ ይመስላል፤ እንግዳ ሰው ከየት እንደመጣ ግራ ገብቶት ዞር ዞር እያለ ይፈልገዋል። ከዚያ ዜማው ከፍ ይላል። የቆሙት ሰፋፊ መስታወቶች እርስ በርስ ይቀባበሉታል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ሳይቀር ማንኪያውን ያንቀጠቅጣል። ሞተሩ የሚሰማው ትንሿ ጄት ልክ ከጣሪያው በላይ ስትደርስ ነው። አለፍ ስትል ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፤ ቤቱ ትንፋሹን የዋጠ ይመስላል።

ወርክሾፑ የከተማው ጫፍ ላይ፣ አውሮፕላኖች ሊያርፉ ዝቅ ከሚሉበት መስመር ሥር ነው። ትልልቆቹ ሲያልፉ ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ መስታወቱም ብርድ እንደመታው ሰው ጥርስ ይንቀጫቀጫል። መዝፈን ግን አይዘፍንም። የሚዘፍነው ለአንዷ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ የመስኮት መስታወት ሊያስቆርጥ የመጣ የፊዚክስ መምህር፣ የሞተሩን ድምፅና የመስታወቱን ውፍረት እያነሳ ምክንያቱን ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር። ባለቤቱ በትሕትና ካዳመጠው በኋላ፣ «ይሁና መምህር፤ ግን እንዳይጠፋብኝ ባይነግሩኝ ይሻላል» አለው።

ባለቤቱን ሰፈሩ «ጋሽ መስታወት» ይለዋል። ገብስማ ጸጉር ያለው፣ ረጋ ያለ፣ ጣቶቹን ጥቃቅን ጠባሳ የሸፈናቸው ሰው ነው። መስታወት የሚመርጠው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። በጥፍሩ ጀርባ ኳ ያደርግና ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል፤ ደህናው ይመልስለታል፣ ውስጡ ስንጥቅ የገባው ድምፁን ያፍናል። በዚህ የተነሳ ሚስቱ «ጆሮዬ» ነበር የምትለው። እሱ ደግሞ እሷን «ካፒቴን» ይላታል። ለማቆላመጥ አልነበረም፤ የእውነት ካፒቴን ነበረች።

ትንሿን ጄት የምታበርራት እሷ ነበረች። ጄቷ የአንድ የግንባታ ድርጅት ንብረት ስትሆን የድርጅቱን ኃላፊዎች ጠዋት ወስዳ ማታ ትመልሳለች። ደንቡ የአብራሪ ቤተሰብ እንዲሳፈር አይፈቅድም። ስለዚህ ጋሽ መስታወት ጄቷን በድምፅ እንጂ በመልክ አያውቃትም፤ ከታች ሆኖ ሲያንጋጥጥ የሚታየው ሆዷ ብቻ ነው። ቆንጆ ናት ባለ ቁጥር ሚስቱ፣ «ሆዷን ብቻ እያየህ ስለ መልኳ አታውራ» ትለው ነበር።

መስታወት የሚሠራ ሰው ሁሉ በመደርደሪያው ውስጥ በመስታወትና በመስታወት መሃል የጎማ ቁራጭ ያስገባል፤ እንዳይነካኩና ጠርዛቸው እንዳይሸረፍ። ጋሽ መስታወት በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ጎማውን ለቃቅሞ አውጥቶ ጥሎታል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ላይ ጤንነቱን ተጠራጥረው ነበር።

«ጋሽዬ፣ ይሸረፋል እኮ!»

«ይሸረፍ። አፉን አፍናችሁት እንዴት ይዘፍናል?»

ዜማው ሲጀምር መቁረጫውን ያስቀምጥና ከወርክሾፑ ጀርባ ወዳለው ቤቱ ይገባል። የሚስቱን ነጠላ ጫማ ከአልጋ ሥር አውጥቶ፣ በሩ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙሮ ያስቀምጣል። ልጃቸው ትንሽ ሳለች ይህ የእሷ ሥራ ነበር፤ ዜማውን ስትሰማ ደብተሯን ጥላ ትሮጥ ነበር። አድጋ ከቤት ስትወጣ ሥራው ለአባቷ ተረፈ። ከጫማው ቀጥሎ ውሃ ይጥዳል። ካፒቴን ጄቷን አቁማ፣ ወረቀቷን ጨርሳ፣ መኪናዋን ነድታ ስትደርስ ሻዩም ይደርሳል።

«መምጣቴን ማን ነገረህ?» ትላለች በየቀኑ፣ እንደ አዲስ።

«ቤቱ ሁሉ እየዘፈነ ማን ይንገረኝ?»

ከዚያ ታመመች። ሕመሙ ጊዜ የሚሰጥ ዓይነት አልነበረም። ስለዚያ ሰሞን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የደረሰበት ያውቀዋል፣ ላልደረሰበትም አይድረስበት።

ጄቷ ግን መብረሯን አላቆመችም። ረዳት አብራሪዋ የነበረ፣ እሷ «ቀጭኑ» የሚል ስም ያወጣችለት ወጣት በእሷ ወንበር ተቀመጠ። ለቅሶ ደራሹ ከተበተነ በኋላ በአንዱ አመሻሽ ላይ መስታወቱ ዘፈነ። ጋሽ መስታወት መቁረጫውን አስቀመጠ፤ ወደ ቤት ገባ፤ ነጠላ ጫማውን አውጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠ፤ ውሃ ጣደ። ነገሩ የገባው ውሃው ሲንተከተክ ነበር።

በማግስቱም እንደዚያው አደረገ። ከዚያ ወዲያም እንደዚያው። እግሩ ከልቡ ቀድሞ ይሄድበታል። አንዳንድ ቀን ጫማውን እንደያዘ መሃል ቤት ላይ ቆሞ ይባንናል። ለማንም አልተናገረም። ስህተት መሆኑን ያውቃል፤ እንዲያርሙት ግን አልፈለገም። ዜማው ከጀመረበት ውሃው እስኪፈላ ድረስ ባለችው ጊዜ ውስጥ እሷ መንገድ ላይ ነበረችና።

አንድ ሰሞን ዜማው ቀረ። ማታ መጣ፣ መስታወቱ ዝም። በነጋታውም ዝም። ጋሽ መስታወት መደርደሪያው አጠገብ ወንበር አስጠግቶ ተቀመጠ፤ የታመመ ሰው የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ቀጭኑ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ልትሸጥ ነው።»

«ማን?»

«ጄቷ። ድርጅቱ ሰፋ ያለች ሊገዛ ነው። ይቺ ለደላላ ተሰጥታለች፤ ከሩቅ አገር ፈላጊ አላት አሉ። የሚገዛት ሰው ይዟት ይሄዳል።»

«ከዚያ ወዲያ በዚህ በኩል አታልፍም ማለት ነው?»

«አታልፍም ጋሼ።»

ጋሽ መስታወት አጠገቡ ያለውን መስታወት በጥፍሩ ጀርባ ኳ አደረገ። አዳመጠ። ከዚያ፣ «ማንም ሰው ሊገዛት ይችላል?» አለ።

ቀጭኑ ሳቀ። ወዲያው የሰውየውን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው።

ልጁ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ክሊኒኳ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ነገሩን በስልክ ስትሰማ ቀጠሮዎቿን ለሌላ ሰው ሰጥታ መጣች። እንኳን ቁጭ ልትል ቦርሳዋንም አላወረደች።

«አባዬ፣ ሰው ሲከፋው ውሻ ይገዛል። ባይሆን መኪና ይቀይራል። ጄት?»

«ውሻ አልወድም።»

«ጄትስ ትወዳለህ? ገብተህባት ታውቃለህ?»

«ድምፅዋን ነው የምወደው።»

«እሺ፣ ማን ሊያበርራት ነው? አንተ?»

«ቀጭኑ ነዋ! ለሐኪሙም ለነጋዴውም ትከራያለች፣ ሥራ አታጣም ብሎኛል። ቀን ቀን ትሠራለች፣ ማታ ማታ ትመጣለች። እኔ ከታች ሆኜ እሰማለሁ።» ይህን ሲል ፊቱ በርቶ ነበር። አውጥቶ አውርዶበታል፤ በእሱ ቤት የቀረ ነገር የለም።

ለጄቷ የሚበቃ አንድ ሀብት ብቻ ነበረው፤ ወርክሾፑና ቤቱ ያለበት ግቢ። ሰፊ ነው፣ መንገድ ዳር ነው። መጋዘን ሊሠሩበት የሚፈልጉ ሰዎች ደጁን ጠንተው ጠንተው ተስፋ ቆርጠው ነበር። አሁን ራሱ ደውሎ ጠርቷቸዋል።

ልጁ ቦርሳዋን አወረደችና አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅዋ ለሰሰ።

«አባዬ፣ ግቢውን ከሸጥከው ከየት ሆነህ ነው የምትሰማው?»

«ከዚሁ ነዋ!» አለ ወዲያው።

ከዚያ ዙሪያውን አየ። ያን ያህል ዘመን እዚያ ቆሞ ስለኖረ ቦታው የገዛ እግሩ መስሎት ነበር። ሊሸጥ ያሰበው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና አጥሩን ነው፤ «እዚህ» የሚባለው ነገር አብሮ እንደሚሸጥ አልታየውም።

«መደርደሪያውን ነቅዬ ይዤ እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ።

«አውሮፕላን ማረፊያውንስ? እሱንም ነቅለህ ትወስደዋለህ?»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ምላስ ከማን ወረስሽው?»

«ከካፒቴን።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠባቸው፤ እሷ ወደ መደርደሪያው፣ እሱ ወደ ጣቶቹ አዩ።

«ልያት ብቻ» አለ። «አንድ ጊዜ ልያት። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

«እሺ፣ ግን አብሬህ እሄዳለሁ። ጥርስ ማየት ሥራዬ ነው፤ ደላላው ፈገግ ቢልብኝም አልታለልም።»

አውሮፕላን የሚያድርበት ሃንጋር ሰፊና ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ ከመወልወሉ ብዛት ውሃ የተኛበት ይመስላል። ጄቷ መሃል ላይ ለብቻዋ ቆማለች፤ ነጭ፣ አፍንጫዋ ሾል ያለ፣ ሁለቱን ሞተሮቿን ከጭራዋ ሥር እንደ ጆሮ ለጥፋ። ጋሽ መስታወት ካሰባት በላይ ትንሽ ሆነችበት። ሰማይ ላይ ያን ሁሉ መስታወት የምታዘፍነው ይቺ ናት? ክንፏ ከወገቡ ከፍ አይልም፤ በሯ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ናት። ባዶ ሃንጋር ውስጥ የተረሳች የልጅ መጫወቻ መሰለችው።

ደላላው ሽቶው ከራሱ ቀድሞ ደረሰ። ጫማው የጄቷን አፍንጫ ያህል የሾለ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ! ይቺን ጄት እኮ እንደ ሙሽራ ነው የያዟት። ፀሐይ እንኳ በፈቃድ ነው የነካቻት!»

«ሙሽራዋ ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለች ልጁ።

«ዶክተር፣ የጄት ዕድሜ በዓመት አይቆጠርም። በበረራ ሰዓትና በማረፍ ነው የሚቆጠረው።»

«እኔም ጋ የሚመጡት እንደዚያ ነው የሚሉኝ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ሌላ ነው።»

«አፏን እንከፍታለን!» አለ ደላላው ሳይደናገጥ። «እርስዎ የመረጡት ባለሙያ ሁለቱን ሞተሮች በካሜራ ያያል፤ ሽፋኗ ተገልጦ፣ ጎማዋ ወርዶ፣ ፍሬኗ ተፈትሾ ነው የምትሸጠው። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ተሳፍረው ሰማይ ላይ ይሞክሯታል። ያገለገለ ጄት እንደዚህ ነው የሚገዛው፤ በጭፍን የለም።»

ጋሽ መስታወት አልሰማውም። ወደ መስኮቷ ተጠግቶ በጥፍሩ ጀርባ ኳ አደረገ። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ግንባሩን ቋጠረና ደገመ።

«ይሄ መስታወት አይደለም።»

«ፕላስቲክ ነው ጋሼ» አለ ቀጭኑ፤ ከጎኑ ቆሞ ነበር። «ጠንካራ ነው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። የጄት መስኮት ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው። የፊተኛውም ያው ነው።»

«ፕላስቲክ!» ጋሽ መስታወት ወደ ልጁ ዞረ፤ የተዘረፈ ሰው ፊት ነበር ያሳያት። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መስታወት ስቆርጥ፣ እናትሽ ዓለሙን በፕላስቲክ ስታይ ኖረች? አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም እኮ!»

«ፈርታህ ነዋ!» ልጁ ከሳቋ ብዛት ክንፉን ልትደገፍ ስትል ደላላው እጁን ዘርግቶ፣ «ዶክተር፣ በእናትዎ፣ ክንፉን!» ብሎ ጮኸ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም ነበር።

ውስጧ ግን ባዶ ነበር። ደላላው አሳጥቧት ምንጣፉ የሳሙና ሽታ ብቻ ይሸታል። ጋሽ መስታወት ጎንበስ ብሎ ገብቶ የወንበሩን ቆዳ ዳሰሰ፤ የሚያውቀው ነገር እንደሚፈልግ ሰው ኪሶቹን፣ መጋረጃውን፣ የበሩን እጀታ ነካካ። ምንም የለም። ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ተጠጋና የግራውን ወንበር አየው። ወደ ኋላ ርቆ ተገፍቷል፤ የረጅም ሰው ወንበር ነው።

ቀጭኑ ከኋላው መጥቶ አየው። በአጠገቡ አልፎ አጎነበሰ፤ ከወንበሩ ሥር ያለውን እጀታ ያዘና ወንበሩን ወደ ፊት ሳበው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ተወው።

«እዚህ ነበር የምታደርገው» አለ።

ጋሽ መስታወት በወንበሩና በእግር መርገጫው መሃል ያለችውን ክፍተት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። የእግሯ ቁመት ነበር። ልክ እሷን ታህል ነበር።

«እገዛታለሁ» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለወንበሩ።

ፍተሻው ተካሄደ። ባለሙያው ሞተሮቹን አየ፣ ሽፋኖቹን ገለጠ፣ ገጣጥሞም ጤነኛ ናት አለ። መጋዘን የሚሠሩት ሰዎች ግቢውን በሜትር ለክተው ሄዱ። ሲለካ ቆሞ ያየ አንድ ሠራተኛ፣ «ጋሽዬ፣ መደርደሪያውን ስናነሳው እንዳይሰበር ቀስ ብለን ነው» አለ፤ ጋሽ መስታወትም ፊቱን አዞረ። ልጁ መከራከሯን ትታለች። በየቀኑ እየደወለች «በላህ?» ብቻ ነው የምትለው።

ቀረ የተባለው የሙከራው በረራ ነበር። እሱ ሲያልቅ ፊርማ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተነሱ። ቀጭኑ በግራ፣ አንድ ረዳት በቀኝ፣ ጋሽ መስታወት ከእነሱ በስተኋላ ባለው የመጀመሪያ ወንበር፤ መሃል ያለው መጋረጃ ተገፍቶ ነበር። ደላላው ከኋላ ተቀምጦ ቀበቶውን እስኪያመው አጥብቋል፤ ለካ መሸጥ እንጂ መብረር አይወድም።

ምድር ስትለቃቸው ጋሽ መስታወት ምንም አልፈራም። ከተማው ቀስ እያለ ድምፁን አጣ፤ መኪናው፣ ጣሪያው፣ ሰው የሚባለው ነገር ሁሉ አፉን ዘጋ። ከዚያ ደመና ውስጥ ገቡ። መስኮቱ ነጭ ሆነ፤ ገና ያልተቆረጠ፣ አቧራ የጠጣ ሰፊ መስታወት ይመስል ነበር። እላይ ሲወጡ ፀሐይዋ ብቻዋን ነበረች። ደመናው ከሥር ተነጥፏል፤ የጄቷ ጥላ በላዩ ላይ፣ ክብ የቀስተ ደመና ቀለም ከቧት፣ አብራቸው ትሮጣለች። ጋሽ መስታወት ግንባሩን ፕላስቲኩ ላይ አሳረፈ። እሷ በየቀኑ ከዚህ መጥታ ነው ሻይ የምትጠጣው። ከዚህ ወርዳ ነው «ጨው አለቀ እንዴ?» የምትለው። ይህን አይቶ ተመልሶ ስለ ጨው መጠየቅ እንዴት ይቻላል? እንቅልፍ ያልሆነ፣ ከእንቅልፍ ግን ያልራቀ ነገር ያዘው፤ ከፊቱ ያለው የወንበሩ ትከሻ የእሷ ትከሻ መሰለው፤ አንገቷን ዞር አድርጋ «ጆሮዬ» እስክትለው ጠበቀ።

«ጋሼ!» አለ ቀጭኑ። ደመናውን ከኋላ ጥለው ዝቅ ማለት ጀምረው ነበር። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። «ወደ ፊት ጠጋ ይበሉ። በስተግራ ይዩ፤ መብራቱ አሁን ይመጣል።»

«የምን መብራት?»

«የእርስዎ ነዋ!»

ጋሽ መስታወት አንገቱን አሰገገ። ከተማው ቡናማና ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ቤት ከቤት አይለይም። ከጫፉ ላይ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለ። ጠፋ። እንደገና በራ፤ አሁን አልጠፋም። አንድ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ፋኖስ ከፍ ያደረገ ይመስል ነበር።

ግቢው ነው። ሠራተኞቹ መስታወት ሲያጥቡ እንዲደርቅ የምሽት ፀሐይ የሚያገኘው አጥር ላይ ደርድረው ያስደግፉታል። እሱ ራሱ ነው እዚያ አድርጉት ያላቸው፤ ቶሎ ስለሚደርቅ። ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

«ካፒቴን እዚህ ስንደርስ ሁልጊዜ ‹ይኸው፣ ጆሮዬ መብራቱን አብርቶልኛል› ትል ነበር» አለ ቀጭኑ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል። «ደመና ሲሆን ትበሳጭ ነበር። እኔማ መጀመሪያ እርስዎ ሆን ብለው የሚያበሩላት ነበር የመሰለኝ።»

ጋሽ መስታወት የወንበሩን ትከሻ ያዘ። መብራቱ እየቀረበ፣ እየሰፋ መጣ። አሁን የበሩ መደርደሪያ ጀምሯል፤ አሁን መሃለኞቹ ተቀብለውታል፤ አሁን የሻይ ብርጭቆው። ጆሮውን አቆመ። የአየሩ ፉጨትና የሞተሩ ጉምጉምታ ብቻ ነው የሚሰማው። ጣሪያው ከሥራቸው አለፈ። ምንም አልሰማም።

እሷም ሰምታው አታውቅም ማለት ነው። እሱ ከታች በጆሮው ሲጠብቃት፣ እሷ ከላይ በዓይኗ ስትፈልገው ኖረዋል። እሱ መብራቱን አያይ፣ እሷ ዜማውን አትሰማ። ሁለቱንም የያዘው ግን ያ ግቢ ነው። ጎማው መሬት ሲነካ ጋሽ መስታወት እንባው በጉንጩ እየወረደ ነበር፤ ደላላውም በፍርሃት መስሎት፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ ደረስን፣ ደረስን» እያለ የራሱን ላብ ጠረገ።

ሃንጋሩ ውስጥ እስክሪብቶ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

«እንዴት ነበረች?»

«ቆንጆ ናት። ሆዷ ብቻ ሳይሆን መልኳም ቆንጆ ነው።»

«እንግዲያው በሉ እንፈርም!»

«አልገዛትም።»

ደላላው እስክሪብቶውን እንደዘረጋ ቀረ። «ጋሼ! ዋጋው ከሆነ እንነጋገራለን…»

«ዋጋው አይደለም።»

«መስኮቱ ከሆነ እንግዲህ…»

«መስኮቱም አይደለም። ወደ ቤት የሚጠራት ነገር እኔ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። እሱን ሸጬ እሷን ብገዛ፣ ወዴት ትመጣለች?»

ደላላው ምንም አልገባውም። ቀጭኑ ግን ፊቱን ወደ ጄቷ አዙሮ ባርኔጣውን አስተካከለ። ጋሽ መስታወት በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ተመለሰ።

«ለሚገዛት ሰው ንገሩልኝ፤ መስኮቱን በደረቅ ጨርቅ እንዳይወለውለው። ፕላስቲክ ነው፣ ይጫጫራል።»

ጄቷን የሩቁ ሰው ገዛት። ቀጭኑ ሊያደርሳት ተስማማና ደወለ።

«ነገ ጠዋት ነው ጋሼ። ነፋሱ ከፈቀደ በእናንተ በኩል እነሳለሁ።»

«ካልፈቀደስ?»

«ካልፈቀደ በወዲያ ነው። ነፋሱን ይለምኑልኝ።»

ጠዋት ልጁ ክሊኒኳን ዘግታ መጣች። ጋሽ መስታወት ጣቱን አርጥቦ ወደ ላይ ያነሳል፣ መልሶ ያወርዳል፤ ነፋሱ ሐሳቡን አልቆረጠም። ሠራተኞቹ መስታወቱን ሁሉ እያወጡ በግቢው ዙሪያ ፀሐይ ወደምትወጣበት አስደገፉት። አንድ ትልቅ መልክ ማያ መስታወት፣ ለልብስ ቤት የታዘዘ፣ መሃል ላይ በተሽከርካሪ ጋሪ ቆሟል። የበሩ መደርደሪያ ብቻ አልተነካም።

«አንቺ ውስጥ ሁኚ» አላት ልጁን። «መደርደሪያው አጠገብ። ስሚልኝ።»

«አንተስ? ድምፁን እኮ ነው የምትወደው!»

«እሱን ስሰማው ኖሬያለሁ። ዛሬ ደግሞ ላብራላት።»

ልጁ ገባች።

ነፋሱ ፈቀደ። ከማኮብኮቢያው በኩል አንድ ነጭ ነጥብ ተነሳ፤ ክንፍ አወጣ፤ ወደ እነሱ መጣ። ጋሽ መስታወት ጋሪውን ያዘ። ፀሐይዋን በመልክ ማያው ተቀበላት፤ የአብራሪውን ዓይን እንዳይወጋ ትንሽ ገለል አድርጎ ወደ ላይ ላካት። ዙሪያውን ያለው መስታወት ሁሉ ነደደ። ግቢው በእጅ የሚያዝ ነገር አልመስል አለ፤ ሠራተኞቹ፣ አጥሩ፣ የገዛ እጁ፣ ሁሉም ብርሃን ሆኑበት። ጄቷ ሆዷን አሳይታው አለፈች። ሲነሱ የሞተሩ ጩኸት ይከብዳል፤ መስታወቱ ይዝፈን አይዝፈን እሱ አልሰማም። ራቅ ስትል ግን፣ የማረፊያ መብራቷ አንድ ጊዜ ጠፍቶ በራ። ከዚያ ሰማዩ ለብቻው ቀረ።

ጋሽ መስታወት ጋሪውን ለሠራተኞቹ ትቶ ወደ ውስጥ ገባ። መደርደሪያው ዝም ብሏል። ልጁ አጠገቡ የለችም። ወንበሩ ተገፍቷል።

«ልጄ?»

በጓሮው በኩል ወደ ቤቱ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። የካፒቴን ነጠላ ጫማ ደፉ ላይ ነው፤ አፍንጫው ወደ ውስጥ ዞሯል። ልጁ ምድጃው ፊት ቆማለች። ውሃ ተጥዷል፤ ገና ድምፅ አላወጣም።

«አባዬ» አለች፤ ፊቷ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። «ዘፈነ። ከዚያ… እኔ እንጃ። እንዴት እንደመጣሁ አላውቅም።» ጫማውን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ተይው፣ አታንሺው» አላት።

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷም ተቀመጠች።

«ውሃው እስኪፈላ መንገድ ላይ ናት» አለ።